ማነጻጸሪያ የተባሉት ልጆች

ረይሐና በሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ የምትስቀው በጥርሷ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነበር። የላብራቶሪ ሙያ የምትማርበት ኮሌጅ ሲቀላ በሚባለው የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ምድር ቤቱ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሸጥበት የኪራይ ፎቅ ላይ ነው። ከታች መጋዙ ይጮሃል፤ ከላይ መምህር ይፍሩ ይጮሃል። መምህር ይፍሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱን እየሠራ በጎን ባዮሎጂና ሥነ ምግባር የሚያስተምር፣ ጫማው አርባ ምንጭ ውስጥ አቧራ እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው።

የዚያን ቀን መወያያ «ሰውን በቤተ ሙከራ እንደተባዛችው በግ አባዝቶ መፍጠር ተገቢ ነው ወይ?» የሚል ነበር። በቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የሚመራው ካሌብ ተነስቶ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ሕይወት የሰጪዋ ናት! በፈጣሪ ሥራ እጁን የሚያስገባ ወዮለት!»

ግማሹ ክፍል አጨበጨበ። ሌላው ግማሽ ስለ ሳይንስ ነጻነት ጮኸ። ረይሐና ጉንጯን በእጇ ደግፋ አየቻቸው። ኮሌጁ ካሉት ማይክሮስኮፖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። የተቀሩት አምፖል ካጡ ዓመት አልፏቸዋል። አምፖል መቀየር ያቃተው ኮሌጅ ሰው አባዝቶ ዓለምን እንዳያጥለቀልቅ ይሰጋል! የሌላ አገር ኃጢአት ሲሆን ሁሉም ጻድቅ ነው። ይሉኝታ የማይጠይቅ፣ ጎረቤት የማያስቀይም ኃጢአት ከየት ይገኛል?

ይህን ያህል የመረራት ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቷ ባድሩ ሲቀላ ገበያ ውስጥ የታወቀ ጅምላ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ስላደገች ጋሞኛ እንደ አፍ መፍቻዋ ይቀናታል። መምህር ይፍሩም ለጥናቱ ረዳት ሲፈልግ የመረጣት ለዚሁ ምላሷ ነበር። ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ የሚያስጠጉበት ቦታ ይዟት ወረደ። እናቶቹን ሰብስቦ በአማርኛ ተናገረ፤ እሷ ወደ ጋሞኛ መለሰችላቸው።

«ልጆቻችሁን እንመረምራለን። የታመመ ከተገኘ ይታከማል።»

እናቶቹ አመኑ። የልጆቻቸውን ዓይነ ምድር በትንንሽ ዕቃ ይዘው መጡ። ረይሐና ያንን በሚሠራው ማይክሮስኮፕ ስታይ፣ ጎኑ ላይ እሾህ ያበቀለውን የቢልሃርዝያ እንቁላል በብዙዎቹ ላይ አገኘችው። ልጆቹ የሚዋኙበት፣ መረብ የሚያጥቡበት ውሃ ነው ያስያዛቸው። ከታመሙት አንዱ ከእናቶቹ የአንዷ፣ የስመኝ ልጅ ታምሩ ነበር፤ እጅና እግሩ ቀጥኖ ሆዱ ብቻ የቀደመው ልጅ።

«መድኃኒቱን መቼ እንውሰድላቸው?» ብላ ረይሐና መምህሩን ጠየቀች።

«ግማሾቹ አሁን ይወስዳሉ» አለ መምህሩ። «ግማሾቹ ከስድስት ወር በኋላ። እነሱ ማነጻጸሪያ ናቸው። የታከመው ልጅ ካልታከመው ምን ያህል እንደሚፋፋ በቁጥር ይታያል።»

«እናቶቹ ይህን ያውቃሉ?»

«ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል? ውጤቱ ሲታተም እኮ በሺህ የሚቆጠር ልጅ ይጠቀማል። ሰፋ አድርገሽ አስቢ እንጂ።»

ታምሩ ማነጻጸሪያ ሆነ።

ረይሐና ሰፋ አድርጋ አሰበች፤ ባሰበች ቁጥር ሐሳቡ እየጠበበ አንድ የተነፋ ሆድ ላይ ይቆምባታል። ለአባቷ ነገረችው። ባድሩ ከረጢት እያስቆጠረ ሰማትና፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ዲፕሎማሽን ያዢ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪ» አላት። እሱንም በልቧ ናቀችው። ግን ምክሩን ተቀበለች። ንቀት ሲቀለብ ዝም ብሎ የሚያድር እንስሳ ነው፤ እሷም ሳምንታት ሙሉ መምህሩን፣ ካሌብን፣ አባቷን እያቀረበች ቀለበችው።

እናም የበጉ ክርክር ሲያበቃ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንድ አጥኚ የታመሙ ልጆች አገኘ እንበል። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ አለ። እሱ ግን ቁጥሩ እንዳይበላሽበት ሳይነግራቸው ተወ። ይህስ ተገቢ ነው?»

ከታች መጋዙ ብቻ ቀጠለ። መምህር ይፍሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ።

«ሳይንስ በእንባ አይሠራም። ደግሞ ይህ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።»

ረይሐና ወደ ካሌብ ዞረች። ስለ ሕይወት ሰጪ ጠረጴዛ የደበደበው ካሌብ ጥፍሩን ያይ ነበር። የእሱም የመመረቂያ ሥራ አማካሪ መምህር ይፍሩ ነው።

«አንድ ቃል እንኳ?» አለችው ሲወጡ።

«እጸልይላቸዋለሁ።»

«ጸሎቱ ለበጎቹም ይድረስ» ብላ ጥላው ሄደች።

በማግስቱ በዓሣ ጫኝ ፒክአፕ ጫሞ ወረደች። ስመኝን መረብ ስትጠግን አገኘቻት። አጠገቧ ቁጭ ብላ ሁሉንም በጋሞኛ ነገረቻት፦ ልጁ ምን እንደያዘው፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ፣ ለምን እንዳልተሰጠው። ስመኝ ታመሰግነኛለች ብላ ጠብቃ ነበር።

ስመኝ ግን መረቡን ከጉልበቷ ላይ አወረደች።

«አንቺ ይህን ያወቅሽው መቼ ነው?»

«ያ... ያን ጊዜ ነው። ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።»

«ሦስት ሳምንት! ‹ይታከማል› ያልሽኝ በማን አፍ ነው? እሱ የእኛን ቋንቋ አያውቅም። የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው።»

ረይሐና ከተቀመጠችበት ተንበረከከች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ ስመኝ።»

«እሱን ልጁ ሲድን እናየዋለን። ተነሺ፣ መድኃኒት ያልተሰጣቸው የማን የማን ልጆች እንደሆኑ ንገሪኝ።»

አብረው ከደጅ ደጅ ዞሩ። በየደጁ ረይሐና ያንኑ ነገር እየደገመች ነገረች፤ በየደጁም ያው ዓይን ተቀበላት። አንዷ ሰደበቻት፤ ሌላዋ አልቅሳ ልጇን አዘለች። ፒክአፑ በዓሣው ፈንታ እናቶችንና ልጆችን ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣ። ፈቃደ የሚባለው የጤና መኮንን ግር ብለው ሲገቡ ደነገጠ፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ልጆቹን አንድ በአንድ እየመዘነ መድኃኒቱን እዚያው አስዋጣቸው። ታምሩ በምሬቱ ተንገፍግፎ ሊተፋው ሲል ስመኝ አፉን በመዳፏ ያዘችው።

ወሬው ከፒክአፑ ቀድሞ ኮሌጅ ደረሰ። መምህር ይፍሩ ረይሐናን ቢሮው ጠራት። ፊቱ ገርጥቷል፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው የለሰለሰ ነው።

«የሁለት ዓመት ሥራዬን ገደል ከተትሽው። ነገር ግን ወጣት ነሽ። ይቅርታ ብትጠይቂኝ በትምህርቱ አልጥልሽም።»

«ይቅርታ የሚገባቸውን ጠይቄያለሁ፣ መምህር። ገና ይቅር አላሉኝም። የእርስዎ ተራ እንዲደርስ መጀመሪያ የእነሱን ይቅርታ ማግኘት አለብኝ።»

ውጤት ሲለጠፍ ረይሐና በሥነ ምግባር ወድቃ ተገኘች። ካሌብ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። አባቷ ይህን ሲሰማ ሱቁ ውስጥ ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና፣ «ልጆቹስ እንዴት ሆኑ?» ብሎ ጠየቃት። የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ ረይሐናም ስለናቀችው አፈረች።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቱን ከሌላ መምህር ደግማ ወስዳ፣ ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች። ፈቃደ ያለበት ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ያዘች። እዚያ የምትመረምረው ሰው ውጤቱን ሳይሰማ ከበሩ አይወጣም፤ ቢቸኩልም ተከትላ ደጅ ድረስ ትሄዳለች። መምህር ይፍሩ ደግሞ ጥናቱን ይዞ ወደ ሌላ ሐይቅ ዳር ሄደ ሲባል ሰማች። ለዚያ አገር ጤና ቢሮ ስልክ ደወለች። ያነሳው ሰው ጋሞኛ ስለማያውቅ በአማርኛ፣ ምንም ሳታለሳልስ የማነጻጸሪያዎቹን ልጆች ነገር ነገረችው።