ቧንቧ ሠራተኛው የጠገነው ጠብታ

ልብስ ሰፊዋ የወለደች ታናሽ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ በስድስተኛው ቀን ተመለሰች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የሄደችው ወደ ባሏ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነው። እዚያ፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ በወንፊት ሽቦ በተሠራ ቤቱ ውስጥ ዳኛው ይኖራል። ዳኛው እስስቷ ነው። ስሙን ያወጣችለት በአንዱ ዓይኑ ከሳሽን፣ በሌላው ተከሳሽን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ነው፤ አካሄዱም እንደ ፍርድ ቤት ነገር ቀስ ያለ ነው።

ያን ቀን ግን ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር። በጠራራ ፀሐይ! ከቅርንጫፉ ጫፍ ወርዶ ወለሉ ላይ ተለጥፏል፤ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ብዙ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። የዓይኖቹ ቆብ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

“ምን አድርገኸው ነው?” አለች ሳትዞር።

“መጀመሪያ እንደምን ዋልክ ይባላል” አለ ባሏ። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። “እንዲያውም እኔ እጅ ገብቶ ጨዋ ሆኗል። ወዲያ ወዲህ አይል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል።”

“እስስት ቀን አይተኛም! ቀን ዓይኑን ከጨፈነ ታሟል ማለት ነው ብዬህ አልነበር?”

“ብለሽኝ ይሆናል። ግን ምን ጎደለበት? ፌንጣ ሰጠሁት፣ አልበላም አለ። ውሃው ያውልሽ፣ እስከ አፉ ሙሉ ነው።”

ውሃ ሲል ነው ነገሩ የገባት። ከቅጠሉ ሥር የእሷ ያልሆነ ሳህን ተቀምጧል። ክዳኑን በመርፌ በስታ፣ ዘቅዝቃ ከላይ የሰቀለችው፣ በየጠዋቱ ሙላው ብላ አደራ ያለችው ጠርሙስ ደግሞ አንገቱ በነጭ የቧንቧ ቴፕ ግጥም ተደርጎ ተጠቅልሏል።

“ይሄን ማን አሸገው?”

“እኔ ነኛ!” አለ ደረቱን ነፍቶ። “ያንጠባጥብ ነበር እኮ።”

“እንዲያንጠባጥብ ነው የሰቀልኩት! እስስት ዝም ብሎ የተኛ ውሃ አያውቅም፤ ቅጠል ላይ ጠብ ሲል አይቶ ነው የሚልሰው። አንተ ሰው፣ ውሃ ፊቱ አስቀምጠህ በውሃ ጥም ፈጀኸው!”

“ታዲያ የሚያፈስ ነገር እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?”

“እንዴት ዝም ልበል?” አለች አሁን ወደ እሱ ዞራ። “የኩሽናችን ቧንቧ ከክረምት ጀምሮ ሲያለቅስ ጆሮህ አልሰማም። ‘ነገ፣ ነገ’ እያልክ ባልዲ ቀየርክልኝ። በመርፌ ቀዳዳ የምትወርደው የዳኛው ጠብታ ናት እንቅልፍ የነሳችህ?”



እሷ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ደወለች።

“ኩሱን እዪው” አለቻት ሐኪሟ። “ነጭ መሆን ያለበት ጫፉ ምን መልክ አለው?”

“ብርቱካንማ።”

“ክፉኛ ጠምቶታል። ለብ ያለ ውሃ እንደ ካፊያ እርጪበት። አፉን ከፍተሽ እንዳታፈሺበት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። እስከ አሥር ሰዓት ካልጠጣ ይዘሽው ነይ። ግን ቃል አልገባልሽም።”

ልብስ ስትተኩስ የምትረጭበትን መርጫ አጥባ ለብ ያለ ውሃ ሞላችበት። ባሏ ቴፑን ፈታ። ቀዳዳው በማጣበቂያ ተደፍኗል፤ ጠንቃቃ ሰው አይደል፣ አንዴ ከያዘ በሁለት በኩል ነው የሚደፍነው! መርፌ ወርውራ ሰጠችው። ጠብታ በማቆም እንጀራውን የበላ ሰው ጠብታ ለመሥራት ላቡ ጠብ አለ፤ መጀመሪያ ፈጥኖ ፈሰሰ፣ በሌላ ክዳን ሲሞክር ጭራሽ ቆመ። በሦስተኛው ክዳን ተሳካለት።

ዳኛውን ቀስ ብላ አንስታ ቅጠሉ አጠገብ አስቀመጠችው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ደንበኛ ቀሚሷን ፈልጋ መጥታ የልብስ ሰፊዋን ፊት ስታይ “ነገ እመለሳለሁ” ብላ ሄደች።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የቀኝ ዓይኑ ተከፈተ፤ ዞር ዞር ብሎ ቅጠሉ ላይ ያለችውን ጠብታ አገኛት። አንዴ ላሰ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ከዚያ የግራ ዓይኑ ተከፍቶ ባልየው ላይ ቀጥ አለ።

“ይቅር አለኝ መሰለኝ” አለ ባሏ በለሆሳስ።

“ቀጠሮ ነው የሰጠህ” አለች። የፈታውን ነጭ ቴፕ ከጠረጴዛው አነሳችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። “ኩሽናው በዚያ በኩል ነው።”