ወደ ምሥራቅ የዞረው ጸሎት ቤት

ይህን ታሪክ የማያምን ካለ ዊስኮንሲን ድረስ ሄዶ ሐይቁን ይጠይቅ፤ እኔ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት መሆኑን እምላለሁ።

አገሩ ገና ጫካ ሳለ ነው። የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቄስ የሚወጣበት ትምህርት ቤት ሊያቆሙ ሁለት ወጣት ዲያቆናት ወደዚያ ላኩ። ኦባዲያ ትሬስኮት ግሪኩን እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ላይማን ፔክ ግሪክ ላይ ይንተባተባል፤ ገበሬውን ግን እስከነላሙ በስም ያውቃል። ለትምህርት ቤቱ የሚሠራው ጸሎት ቤት ሲያልቅ ጳጳሱ ከሁለቱ አንዱን አለቃ ሊያደርጉ ነው።

ኦባዲያን ቅናት አንገበገበው። እሱ ሲሰብክ ሰው ያዛጋል፤ ላይማን ሲያስነጥስ እንኳ አሜን ይባላል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ታቢታ ደግሞ ምግብ ባሰናዳች ቁጥር፣

«ና ልጄ ላይማን፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ» ትላለች።

«እኔስ፣ እመቤቴ?»

«አንተማ ስለ ጾም ስትሰብክ የዋልክ አይደለህም እንዴ?»

የጸሎት ቤቱ መንበር ወደ ምሥራቅ መሆን አለበት። ላይማን መንበሩ የሚቆምበትን ለማመልከት በምሥራቁ ጫፍ የመስቀል ካስማ ተክሎ እራት ተጠርቶ ሄደ። ኦባዲያን የጠራው የለም። ካስማውን ነቀለና በምዕራቡ ጫፍ ተከለው። በማግስቱ ጉም ወረደ፤ እንዴት ያለ ጉም! ላሞች በድምፅ ካልሆነ አይተዋወቁም። ገበሬዎቹም በዳበሳ ግንድ በግንድ ላይ እየደረቡ ካስማው ባለበት መንበሩን አቆሙ።

ጳጳሱ ሊባርኩ መጡ። ጸሎተ ነግህ ሲጋመስ ጉሙ ተገፈፈ። ፀሐይ ከጀርባቸው በበሩ ገብታ ጥላቸውን መንበሩ ላይ አጋደመችው።

«ለመሆኑ» አሉ ጳጳሱ፣ «ፀሐይ በምዕራብ መውጣት የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው? ካስማውን የተከለው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባታችን» አለ ላይማን አንገቱን ደፍቶ። «ልክ የተከልኩ መስሎኝ ነበር።»

ኦባዲያ ፈገግታው እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። አለቅነቱ እጁ ገባ።

ወይዘሮ ታቢታ ተነሳች። «ልጁን አይቆጡብን። እንኳን ጸሎት ቤት አማቴንም አዙሬያለሁ፤ እናዞረዋለን።»

በሬ ያለው በሬውን፣ የዝይ ስብ ያለው ስቡን ይዞ መጣ። ከቤቱ ሥር ስብ የተቀባ ግንድ አስገብተው ሲጎትቱ ቤቱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ዞረ። ጳጳሱ ከውስጥ ሆነው መዝሙሩን ወደ ምዕራብ ጀምረው ወደ ምሥራቅ ጨረሱት። ሕዝቡ ላይማንን በትከሻው ተሸከመው።

«እኔ ብሆን ኖሮ» አለ ኦባዲያ በልቡ፣ «ቤቱን እላዬ ላይ ይንዱት ነበር።»

ከምሳ በኋላ ጳጳሱ ሁለቱን ጠሩ።

«ላይማን ሲሳሳት እንኳ አገር ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ወንበር ላይ አይታሰርም፤ በየጫካው እየዞረ ይስበክ። ኦባዲያ፣ አንተን እራት የሚጠራህ ስለሌለ ጊዜ አለህ። አለቃው አንተ ነህ።»

ኦባዲያ የተመኘውን አገኘ፤ ወንበሩንም ቁልፉንም። ተማሪዎቹ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ «መምህር፣ ወንድም ላይማን መቼ ይመጣሉ?» አሉት።

«ግሪካችሁን ግለጡ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ላይማን በቅሎ ላይ ሆኖ ከጫካው ጫፍ ይታያል፤ ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ ለምሳ ይጎትተዋል። ለኦባዲያ በቅሎዋም ሳትቀር የምትስቅበት መስሎ ታየው።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ እሱንም ልናገር። ጳጳሱ ቤቱ ሲዞር ውስጥ አልነበሩም። ውጭ ከበሬዎቹ ጋር ተጠምደው ይጎትቱ ነበር።