ከፊት ጎማው ስር

አጎቴ ጭነት መኪናው ላይ ሲያሳፍረኝ ሹፌሩን «አባቷ ጋ አድርስልኝ፣ ጎሚስታው ጋ» አለው እንጂ እኔን ምንም አላለኝም። አያቴ ከሞተች ወዲህ እኔ ማለት ከቤት ቤት የሚዞር ሻንጣ ነኝ። አባቴን አይቼው አላውቅም። ጎማ እንደሚጠግን ብቻ ሰምቻለሁ።

ሹፌሩ ሲሚንቶ ጭኗል። ወገቡን ያመዋል፣ ረዳቱ ጥሎት ሄዷል፣ የእጅ ፍሬኑም አይታመንም።

«ስንቆም ወርደሽ ታኮ ታደርጊያለሽ» አለና ከወንበር ስር ጠርዙ የተበላ እንጨት አሳየኝ። «ቁልቁለት ከሆነ ከጎማው ፊት፣ ዳገት ከሆነ ከኋላው።»

«ሜዳ ከሆነስ፣ ጋሼ?»

«ሜዳ ከሆነ ዝም ትያለሽ።»

ዝም ማለት የት ለምጄ። ቴፑ ተበላሽቷል፣ የሰውየው ዓይን ደግሞ እየተከደነ ነው። ስለ አጎቴ ሚስት ኩርፊያ፣ ከትምህርት ቤት ስላባረረችኝ አስተማሪ አወራሁለት። ጭንቅላቱ ዘንበል ሲል ድምጼን ከፍ አደርጋለሁ። «ራዲዮ» ብሎ ስም አወጣልኝ።

«ራዲዮ፣ አባትሽ አልቀበልም ቢልስ?» አለኝ መንገዱን እያየ።

ያኔ ራዲዮው ጠፋ።

ከሰዓት ላይ ደረስን። ሱቁ ቁልቁለት ላይ ነው፤ በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ተከምሯል። ወርጄ እንጨቱን ከፊት ጎማው ስር አስገባሁ። እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ ሰው ወጣ። ጆሮው እንደኔው ወደ ውጭ የተገተረ ነው። ምን ይደረግ፣ አባቴ ነው። ሹፌሩ «ልጅህን አምጥቻለሁ» አለው።

«ማን ላካት?» አለው። «እኔ ራሴ እዚሁ ጎማ መሀል ነው የማድረው።»

«እኔ አድርስ ነው የተባልኩት።»

እነሱ ሲነጋገሩ እኔ ታኮው ጋ ጎንበስ ብዬ ነበር። ሹፌሩ ሻንጣዬን አወረደና ፊቴን ሳያይ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው ተንገጫገጨ እንጂ አልሄደም። ደግሞ ሞከረ። እምቢ።

ወገቡን ይዞ ወረደ። እንጨቱን አየ። ከእንጨቱ ጎን ትልልቅ ድንጋይ ደርድሬያለሁ።

«ረስቼው ነው» አልኩ።

«ድንጋዩንም?»

ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ በሩ ላይ ካለው ጎማ ላይ ተቀመጠ። «የኋላው ሲተነፍስ ነው የመጣው፤ እስቲ እየው» አለው አባቴን። ውሸቱን ነው። አባቴ ጎማውን መታ መታ አደረገና ወደ ፊት ሲመጣ ድንጋዮቹን አየ።

«ማነው እንዲህ አድርጎ የያዘው?»

«እኔ።»

«ረዳቴ ናት» አለ ሹፌሩ። «ካልፈለግካት ይዣት እመለሳለሁ። እንቅልፍ ታባርራለች።»

አባቴ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ እጁ ግን ያው ጥቁር ነው።

«ማታም ታወራለች?»

«አታቋርጥም።»

አባቴ ተነፈሰ፣ ከጎማው የባሰ። «ሻንጣዋን ከፀሐይ ላይ አንሳና ወደ ውስጥ አስገባው» አለ።

ድንጋዮቹን ራሴ ገለል አደረግኩ፤ እንጨቱንም ወንበሩ ስር መለስኩ።

«ሜዳ ሜዳውን ሂድ እሺ፣ ጋሼ።»

እጁን ብቻ አነሳልኝ። ደክሞታል። ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት። ከዚህ በኋላ ማን እንደሚያወራለት እንጃ።