የፖስተሩ ጀርባ

ልጅቱ የፍሬሙን ጀርባ በሚዘጋው ካርቶን ላይ አራተኛውን ምስማር ልትመታ መዶሻውን ስታነሳ፣ አባቷ እጃቸውን ካርቶኑ ላይ ጣል አደረጉ።

"ቆይ እስቲ፣ አትዝጊው።"

"አባዬ፣ ጣትህን ልቀጠቅጥልህ ነበር። ምን ሆነሃል ዛሬ? አንተ ስትዞር እኔን አዞረኝ።"

እውነቷን ነው። ከነጋ ጀምሮ ከፍሬም መሥሪያዋ በር እስከ መስታወት መቁረጫው ጠረጴዛ ይመላለሳሉ። ወንበር ብትሰጣቸው እሾህ የበቀለበት ይመስል ወዲያው ብድግ ይላሉ። ደስታው ነው ብላ ነበር። በጦርነቱ ዘመን፣ ገና ወጣት አታሚ ሳሉ በድብቅ ያተሙት «ልጆቻችንን መልሱልን» የሚለው ፖስተር ነገ ኤግዚቢሽን ላይ ሊሰቀል ነው። ከዚያ ሁሉ ፖስተር የተረፈው ይህ አንዱ ብቻ ነው። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ መጥታ ትወስደዋለች። ልጅቱ ለጎረቤቱም ለዘመዱም አውርታ ጨርሳለች። ጦርነቱ ባሏን የበላባት የአጎቷ ሚስት እንኳ ፊት ወንበር ተይዞላታል።

"ገልብጪው" አሉ አባቷ።

ካርቶኑን በአንድ በኩል ቀና አድርጋ አጮለቀች። በወረቀቱ ጀርባ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል፤ ከሥሩ «ተነስ፣ ዝመት» ተብሎ ተጽፏል። ጠዋት ስታጸዳው አይታዋለች። ወረቀት ቢያጡ በሌላ ሰው ጥራጊ ላይ ያተሙ መስሏት ነበር።

"እሱንም ያተምኩት እኔ ነኝ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ቀን ቀን ለመንግሥት ያትማሉ፤ ሠራተኛው ሲወጣ በዚያው ማሽን የራሳቸውን። ቀለሙ እስኪስተካከል ንጹሕ ወረቀት አይባክንም፤ ከቀኑ ሥራ የተበላሸውን ገልብጠው መጀመሪያ እሱን ያሳልፋሉ። ይኼም ለሙከራ ያለፈው ነው። ደህናዎቹ በየግድግዳው ተለጥፈው ሲቀደዱ፣ እሱ ከጥራጊ ጋር ተጥሎ ተረፈ።

"አጎትሽ የዘመተው ይኼንን አንብቦ ነው" አሉ ወጣቱን እያዩ። "እሱ ሲሞት ሌላውን ማተም ጀመርኩ። የቀኑን ግን አልተውኩም። ደመወዜ ነበራ።"

ልጅቱ ካርቶኑን መልሳ ተጫነችው። "ይኼን ማን ጠየቀህ? ሰው የሚያየው ፊቱን ነው።"

"እኔ አየዋለሁ።"

"የአጎቴ ሚስትስ? በሰው ፊት ብትተፋብህስ?"

"ትትፋ። ስታመሰግነኝ ግን ቆሜ መስማት አልችልም።"

መዶሻውን መልሳ ስታነሳ ውጭ መኪና ቆመ። የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ቁልፏን እያሽከረከረች ገባች፤ ለአባቷ ጎንበስ ብላ "ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለችና ወደ ልጅቱ ዞረች።

"አለቀልሽ? ምስማሩን ግድግዳው ላይ መትተን እየጠበቅንሽ ነው።"

ልጅቱ አባቷን አየቻቸው። ወንበሩን ጫፉን ይዘው፣ መቀመጥም መሄድም እንደከበዳቸው ቆመዋል። መዶሻውን አስቀምጣ ጉጠቱን አነሳች። ሦስቱን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀለች፤ ካርቶኑንም አውጥታ ከጠረጴዛው ሥር ወረወረችው።

"ግድግዳ አይሆነውም" አለቻት ሜትሯን እየዘረጋች። "መሀል አዳራሹ ላይ ከጣሪያ የሚንጠለጠልበት ቦታ ፈልጊለት። እኔ ለጀርባውም መስታወት እስክቆርጥለት ቁጭ በይ።"