የሚያብረቀርቁ ኮኮች

ፍቅርአዲስ የመጨረሻውን ኮክ በስንጥር ወግታ ማብረቅረቂያው ውስጥ ነከረችና አዙራ አወጣችው። ጠል የመታው መሰለ። እውነተኛ ኮክ አይደለም፤ ውስጡ ካፕኬክ ነው፤ ላዩ በእርድና በቀይ ሥር የቀላ የስኳር ሊጥ፣ ጭራው ቅርንፉድ። ነገር ግን የኮክ ዛፍ ራሷ ከእብናት በእግሯ ገስግሳ መጥታ ብታየው፣ "ልጄን ማን ቀጠፈብኝ?" ብላ ፍርድ ቤት ትቆም ነበር። ብርቱካኖቹማ አይነሱ! ቆዳቸው እንዲኮሰኩስ አንድ በአንድ በካሮት መፋቂያ ላይ አንከባልላቸዋለች። ዝናቡ ጋብ ካለ ጀምሮ በመስኮቱ መስታወት ላይ የሠፈረውን ንብ ሰብስቦ ቀፎ ያስገባ ሰው ጉና ተራራን የሚያህል ማር ይቆርጥ ነበር።

"ዘጠና ሞላ!" አለች ታናሽ እህቷ ትዝታ፣ ነጫጭ ካርቶኖቹን እየዘረጋጋች። "እታለም፣ ከዛሬ ወዲያ ደብረ ታቦር ስምሽን ካልጠራ እኔ ስሜን እቀይራለሁ።"

"አፍሽን ይዘሽ ካርቶኑን አስተካክዪ። ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።"

የሚመጡት ወይዘሮ ጌጤ ናቸው። ልጃቸው ባዩ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ዛሬ ድግስ አለ። ወሩ ሰኔ፣ ጊዜው የሐዋርያት ጾም ነውና ድግሱም የጾም ነው። የነፍስ አባታቸው መምሬ መልካሙ ይባርካሉ፤ የጽዋ ማኅበራቸው ሰው በሙሉ ይገኛል። ወይዘሮ ጌጤም "እንዲህ ያለ ፍሬ አዳምም አላየ!" እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ከርመዋል፤ ወሬው ሐሙሲት ገበያ ደርሶ ተመልሷል የሚሉም አሉ።

ለፍቅርአዲስ ይህ የመጀመሪያዋ የጾም ትእዛዝ ነው። ከኩዌት ከተመለሰች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። በፍስኩ ጊዜ ሰፈሩ ለልደት ያዛታል፤ ጾም ሲገባ ግን በደጇ የሚያልፍ የለም። "ሰባት ዓመት ዓረብ አገር የኖረች፣ ምን እንደምትጨምርበት ማን ያውቃል?" ይላሉ። ወይዘሮ ጌጤ ግን አመኗት። የእሳቸው ጠረጴዛ ዛሬ ካማረ፣ የከተማው ሴት ሁሉ በሯ ላይ ተሰልፋ ትውላለች።

ባዶውን የማብረቅረቂያ ፓኮ ልትጥል አነሣችው። ባለፈው ሳምንት ከኩዌት የመጣች ጓደኛዋ ያመጣችላት ነው። ላዩ ላይ የእንጆሪ ሥዕል አለበት፤ ከሥሩ በደቃቅ ዓረብኛ ሁለት ቃል፦ "ጀላቲን በቀሪ"። እጇ አየር ላይ ቀረ።

ዓረብኛ ማንበብ የተማረችው በሸቀጥ መደርደሪያ ፊት ለፊት ነው። ዓይናቸው የደከመው እመቤቷ የአሳማ ነገር እንዳይገባባቸው ስለሚፈሩ፣ እያንዳንዱን ፓኮ ጮክ ብላ እንድታነብላቸው ያደርጓት ነበር። "ጀላቲን በቀሪ" ካለ፣ የከብት ነውና ደስ ብሏቸው ይገዛሉ። ለሰባት ዓመት ይህ ቃል በጆሮዋ "ይበላል" ማለት ነበር። ጓደኛዋንም "በቀሪ የሚለውን አደራ" ብላ ያስገዛቻት ራሷ ናት። ዛሬ ግን ያለችው ደብረ ታቦር ነው፤ ወሩም ሰኔ ነው።

"ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለች ትዝታ።

"ማብረቅረቂያው ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ነው።"

ትዝታ ፓኮውን ተቀብላ አገላበጠችው። "የት አለ ከብቱ? ለእኔ የሚታየኝ እንጆሪ ነው።"

"በዓረብኛ ተጽፏል።"

"ታዲያ ከጣና ወዲህ ከአንቺ በቀር ማን ሊያነበው?"

"እኔ አነበብኩታ።"

"እንግዲያ አላነበብኩም በያ!"

ፍቅርአዲስ አንዱን ኮክ አንሥታ በለብ ያለ ውኃ አጠበችው። ማብረቅረቂያው ብቻውን አልለቅ አለ፤ ቀለሙን፣ የስኳሩን ሊጥ፣ መልኩንም ጭምር ይዞ ወረደ። መዳፏ ላይ የቀረው ዕከክ የያዘው ድንች ነው። ሌላ አላጠበችም። ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆኗል፤ ዱቄት አለ፣ ዘይት አለ፣ እሳቸው እስኪመጡ ግን ጊዜ የለም።

ውጭ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ።

ወይዘሮ ጌጤ በራፉን ሞልተው ገቡ። ነጠላቸው እንደ ጥር ጥምቀት ነጭ ነው፤ ፍሬዎቹን ሲያዩ ጃንጥላቸውን ለቀቁት።

"ኧረ በሥላሴ! አንቺ ጉደኛ! ይሄ ይበላል ወይስ ይሳለሙታል?"

"እትዬ ጌጤ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች ፍቅርአዲስ። "ፍስክ ሆኖብኛል።"

የወይዘሮ ጌጤ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። "እንቁላል ገባበት?"

"አልገባም።"

"ወተት? ቅቤ?"

"እሱም አልገባም። ያብረቀረቅሁበት ነው፤ ከከብት አጥንት የሚሠራ ነው። አሁን ነው ያየሁት።"

"አጥንት!" ወይዘሮ ጌጤ የዱቄቱ ጆንያ ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ ግን አንዱን ብርቱካን አንሥተው አሸተቱት። "አጥንት አጥንት አይልም።"

"አይልም፣ እትዬ።"

"ቢያዩት ይታያል?"

"አይታይም።"

"ታዲያ ማን ነገረሽ?"

"ፓኮው ላይ ተጽፏል።"

ወይዘሮ ጌጤ እጃቸውን ዘረጉ። ትዝታ ፓኮውን ሰጠቻቸው። አራት አጥፈው በደረታቸው ከተቱት።

"በቃ። ከብቱ ሞተ፣ ተቀበረ። ካርቶኑን ዝጊ።"

"እትዬ ጌጤ፣ መምሬ..."

"መምሬ መልካሙ ግእዝ እንጂ ዓረብኛ አያነቡም! ስሚኝ የኔ ልጅ፣ እኔ ለስድሳ ሰው አውርቻለሁ። ባዶ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ምን ልበል?" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ለአንቺም ብዬ ነው። ይቺ ነገር ከዚህ ቤት ብትወጣ ምን እንደሚሉሽ አጥተሽው ነው? 'ያቺ ዓረብ አገር የኖረችዋ ጾም አስፈታችን' ነው የሚሉ። ከዚያ ወዲያ እንኳን ኬክ፣ ውኃም ከእጅሽ የሚቀበልሽ አይገኝ።"

እውነታቸውን ነው። ትዝታ እንኳ ሁለቴ ራሷን ነቀነቀች።

ፍቅርአዲስ ኩዌት ያለው ወጥ ቤት ትዝ አላት። ሁዳዴን ሰባት ጊዜ እዚያ ጾማለች። እመቤቷ "ብዪ" ብለው ሥጋ ያቀርቡላታል፤ እሷ ቁራሹን ለድመት ጥላ ደረቅ ዳቦ በሻይ ትበላለች። ጎረቤት አላየም፣ ቄስ አልጠየቀም፣ እናቷም አልሰማች። ያን ጊዜ የሚያያት ሳይኖር የጾመችውን፣ ዛሬ የሚያይባት የለም ብላ ሌላውን ልታስገድፍ!

"ሕፃናቱ አይጾሙም" አለች። "እነዚህ ለእነሱ ይሁኑ። ለመምሬና ለትልልቆቹ አሁኑኑ ሌላ እጋግራለሁ። እንግዶቹ ከቅዳሴ ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት አይደል የሚቀመጡ? አይደምቅም፣ ግን የጾም ነው።"

"ባዩን በደብዛዛ ኬክ ላስመርቀው? በፍጹም! እነዚህን ነው ያዘዝኩ፣ እነዚህን እወስዳለሁ። ትዝታ፣ ዝጊው!"

ትዝታ እህቷን አየች፤ ወይዘሮ ጌጤን አየች፤ የመጀመሪያውን ካርቶን ከደነች። ባጃጁ ደግሞ ጡሩምባውን ነፋ። ወይዘሮ ጌጤ ካርቶኑን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ፍቅርአዲስ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። በሌላው እጇ የቀለጠ ቸኮሌት ያለበትን መጭመቂያ ከረጢት አነሣች።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

ፍቅርአዲስ ከረጢቱን ጨመቀች። በነጩ ክዳን ላይ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከባጃጅ ውስጥ ቢታይ በሚነበብ ፊደል "ፍስክ" ብላ ጻፈች። ከሥሩ አነስ አድርጋ "የሕፃናት" ጨመረችበት።

"አንቺ ልጅ!" አሉ ወይዘሮ ጌጤ፣ ቀጥ ብለው። "ይሄን ይዤ በከተማ መሐል ልለፍ? ስምሽን በገዛ እጅሽ ልትቀብሪው ነው?"

ፍቅርአዲስ ከከረጢቱ ጫፍ የወረደውን ጠብታ በጣቷ ጠረገችና ወደ እህቷ ዞረች።

"ትዝታ፣ ሁለተኛውን ካርቶን ወዲህ በይልኝ።"