ሰሚያ ቁጥሮቹን ስታስጭን

እኔ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ሱዳን ገዳሪፍ ላይ በተደረገው የኮምፒውተር ፕሮግራም ውድድር፣ ኮምፒውተሩ የቡድን ጓደኛዬን የሰሚያን ኮድ «ጊዜ አልፏል» እያለ በመለሰው ቁጥር እጮህባት ነበር። የቀረን ጥያቄ አንድ ነው። እሱን ከፈታን ቡድናችን ካርቱም ይሄዳል። ካልፈታን ሰሚያ ትምህርቷን ትታ ድንበር ላይ ባለችው ገላባት ሱቅ ትቀመጣለች። የሰሊጥ ነጋዴው አባቷ ሐጂ ጀማሉ ቁርጡን ነግረዋት፣ መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ይጠብቃሉ።

«ስሌቱን ቀይሪው አልኩሽ» አልኳት።

«ስሌቱ ደህና ነው፣ ሉጥፊ። የዘገየው አወጣጡ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ሦስተኛው ባልደረባችን ያሕያ ሰዓት ሰዓቱን ያያል።

«ማለት?»

«መልሱ እልፍ አእላፍ ቁጥር ነው። እኛ እያንዳንዷን ለብቻዋ ወደ ውጭ እንልካለን። አባቴ ለአንድ ሻዋል፣ ለአንድ ጆንያ ሰሊጥ ሎሪ ያስነሳል እንዴ? ሲሞላ ነው የሚነሳ።»

የተለመደውን የማተሚያ ትእዛዝ ደመሰሰችው። በምትኩ ሰፊ ማከማቻ ከፍታ፣ ቁጥሩን ለዐሥር እያካፈለች የሚተርፈውን አሃዝ በየተራ መደርደር ጀመረች። ስትሞክረው ሃያ አምስት ሃምሳ ሁለት ሆኖ ወጣ። በዚህ አካፋፈል መጀመሪያ የሚወጣው የመጨረሻው አሃዝ ነው። ሱዳን ያደግን ልጆች ደግሞ ሃያ አምስትን በዓረብኛ «ኸምሳ ወዒሽሪን»፣ አምስትና ሃያ፣ ብለን ከአምስቱ ስለምንጀምር፣ ማናችንም ቀድመን አልታዘብነውም። ልጮህ አፌን ስከፍት እሷ ሳቀች።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ከጫፍ ወደ ኋላ እሞላዋለሁ» ብላ አስተካከለችው። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ባዶ ቦታ እንዳይወጣም አሰበችለት። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ ፊደሉም ይጠፋኝ ነበር። ቀናሁባት፤ ኮራሁባትም።

ማከማቻው ሞልቶ ሁሉም ቁጥር በአንድ ጊዜ ወጣ። ኮምፒውተሩ «ትክክል» አለ። ያሕያ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ።

በር ላይ ሐጂ ጀማሉ ወሬውን ሲሰሙ የልጃቸውን ራስ ዳበሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ይህን ስትሠራ አንተ ምን ትሠራ ነበር?»

«ስጮህባት ነበር፣ ሐጂ።»

«እንግዲያ እሷ ካርቱም ትሂድ። ገላባት ሱቁ ላይ አንተን አስቀምጣለሁ፤ እዚያ ሳይጮህ የሚሸጥ የለም።»