ቅዳሜ የሚዘጋ መጋዘን

ቅዳሜ መጋዘኑ እንደሚዘጋ የሰማነው በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የነገረን የሐጂ ቡሽራ ልጅ ጀማለዲን ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ሶዶ ከተመለሰ ወዲህ አባቱ መጋዘኑን ለእሱ ትተውለታል። በሩ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከእንግዲህ ቅዳሜም ዕረፍት ነው» አለ። «ደመወዛችሁ አይነካም። ያረፈ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ይሠራል።»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከሰፌዱ ያነሳኋትን ጥቁር ፍሬ በጣቶቼ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ የት እንደምጥላት ጠፋኝ።

ሥራችን ቡና መልቀም ነው። ከዛፉ ላይ አይደለም፤ ተፈልፍሎ በጆንያ የመጣውን ሰፌድ ላይ ዘርግተን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ጠጠሩን ማውጣት ነው። ወገብ ይቆርጣል፣ ዓይን ያፈዛል፣ አሰልቺ ነው። ለእኔ ግን ተስማምቶኝ ነበር። ዓይንና ጣት ከተያዙ ሐሳብ መግቢያ አያገኝም። ቢያገኝ እንኳ ቦልቴ አታስገባውም። ቦልቴ ጎረቤቴ ናት፤ ቤታችን አጥር ይጋራል፣ መጋዘን ውስጥም ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። አፏ አርፎ አያውቅም።

ወዲያው ክርክሩ ተጀመረ። ቦልቴ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ደስታዋን አልቻለችውም። «ስንት ዘመን ገበያ ሊበተን ሲል ደርሼ የተረፈውን ስለቅም ኖርኩ! ቡናም ለቀማ፣ ገበያም ለቀማ!» አለች።

ንግሥቲ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ቤት ከዋልኩ የሚያርፈው ባሌ ነው። እሱ ውኃ አይቀዳ፣ እንጨት አይፈልጥ። እዚህ ቢያንስ ተቀምጬ ነው የምሠራው» አለች።

«ታዲያ ለምን እልል አልሽ?»

«ሁሉም ሲል ምን ላድርግ?»

ተሳሳቁ። ጀማለዲንም ፈገግ አለና፣ «ቅሬታ ያላት አለች?» ብሎ ጠየቀ። ለይስሙላ ነው የጠየቀው። እጄን አነሳሁ።

«እኔ ቅዳሜም መምጣት እፈልጋለሁ።»

ልጁ ግራ ገባው። «እትዬ አስናቀች፣ ለእናንተው ብዬ እኮ ነው። ሰው ዕረፍት ይጠላል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ። ንግሥቲ እንኳ፣ «መጋዘኑን ልታገቢው ነው?» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። በዚያን ጊዜ መቀየምም ጉልበት ይጠይቀኝ ነበር።

ያልሳቀችው ቦልቴ ብቻ ናት። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ከአጥሬ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየውን እንሰት በአገጯ አመለከተችኝ።

«አበባ ይዟል እኮ። ካበበ ውስጡ ያልቃል፣ ቆጮ አይወጣውም። ጊዜ የለኝም ስትይ ዝም አልኩሽ። አሁን ቅዳሜ አለሽ። ሴቶቹን ጠርቼ እንፋቀው?»

«እስቲ እናያለን» ብዬ ገባሁ።

ያ እንሰት የልጄ የሰገነት ነው። ልጄ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት፣ እኔ ጓሮ ችግኝ ሳዛውር አንዱን ነጥቃ ራሷ ቆፍራ ተከለችው። ከቤቱ በጣም አስጠግታ ስለተከለችው ልነቅለው ስል አለቀሰች፤ ተውኩት። እሱ አደገ፣ እሷም አደገች። ባለፈው ክረምት ንዳድ ያዛት። ኦቶና ሚሲዮን ሆስፒታል ወሰድናት፤ የሚችሉትን አደረጉላት፤ ሞተች።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሙሾ ማውረድ፣ ደረት መምታት፣ ፊት መቧጨር የድሮ ነገር ነው ተብሎ ቀርቷል። ባሌ ቶማ ራሱ ወንጌል ሰባኪ ነው፤ በሃላሌ በኩል እየዞረ ያስተምራል። የሰባኪ ሚስት ደግሞ ከሁሉ በላይ ትታያለች። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ልጄን ቀበርናት። አላለቀስኩም። ሽማግሌዎቹ እምነቴን አመሰገኑ። እምነት ይሁን ምን ይሁን እኔ አላውቅም፤ እጅ ተንተርሰው ሲያድሩ እንደሚደነዝዘው ሁለመናዬ ደንዝዞ ነበር። ቶማ ወደ አገልግሎቱ ተመለሰ፣ እኔ ወደ ሰፌዴ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሐጂ መስጊድ ሲሄዱ፣ እኔ የሴቶች ጸሎት እሄዳለሁ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። በሌላው ቀን መጋዘን ነኝ። ከዚያ እንሰት ጋር በፀሐይ ብርሃን ተያይተን አናውቅም። አሁን አንድ ሙሉ ቀን አምጥተው አሸከሙኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲመጣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ሲወርድ እኔ ሽቅብ ወጣሁ። በሩ ተቆልፏል። የሐጂ ቤት ከመጋዘኑ ጋር አንድ ግቢ ስለሆነ ሚስታቸው እትዬ ዙህራ ኮቴዬን ሰምታ ወጣች።

«ምን ረስተሽ ነው?»

«ምንም። ሥራ ካለ ብዬ ነው።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግን «ቆይ» ብላ ገባችና ሰፌድ ሙሉ ቡና አምጥታ ከደጃፉ ጥላ ሥር አስቀመጠችልኝ።

ተቀምጬ መልቀም ጀመርኩ። ጣቶቼ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ጥቁሩን ወዲህ፣ ስብርባሪውን ወዲያ። ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ነገር ገረመኝ። ቡናው ንጹሕ ነው፣ አቧራ የለውም፣ ፍሬው እኩል ነው። ጥቁሮቹ ደግሞ ከላይ ከላይ ብቻ ናቸው፤ ሥር ስገባ አንድም የለም። ቡናው ተለቅሞ ያለቀ ነው። እትዬ ዙህራ የምለቅመው እንዳላጣ ብላ ግርዱን መልሳ አደባልቃበታለች።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«አወቅሽብኝ» አለች፤ መጥታም አጠገቤ ተቀመጠች። «እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስቀብር እንዲህ ያለ ሰፌድ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። ግድግዳ ሳይ ነው የዋልኩት። እኛም ዘንድ ጮሆ ማልቀስ አይፈቀድም።»

ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁና ጨረስኩ። ከዚያ ሳላስበው ስለ እንሰቱ ነገርኳት።

«ፋቂ ትፈልጊያለሽ?» አለች።

«እርስዎ?»

«ስልጤ አገር ያደግሁት ምን እየበላሁ መሰለሽ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ መፋቂያዋን ይዛ መጣች። ቦልቴም ገበያዋን ትታ መጣች፤ ያን ያህል የጓጓችለትን ገበያ። ቦልቴ ገጀራውን ሰጠችኝ። አልቀበልም ብል ዘርግታው ቆመች። ተቀበልኳት።

ግንዱ ለስላሳ ነው፤ ብዙ መምታት አያስፈልገውም። ዘንበል ሲል ደገፍነው፤ ከበደንና ለቀቅነው፤ ቅጠሉ የቤቱን ክዳን እየጠረገ ወረደ። እንሰቱ ከልሎት የኖረው መስኮት ተገለጠ፤ ሰገነት ትተኛበት የነበረው መደብ ከተነጠፈበት ጀንዲ ጋር ከጓሮ ታየኝ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። እሷ ብቻ የለችም።

ያን ጊዜ ከሆዴ የወጣውን ድምፅ የእኔ ነው ብዬ አላመንኩም።

ቦልቴ ደንግጣ አፏን ያዘች። እሷም የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ናት። «አስናቀች፣ ኧረ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ!»

እትዬ ዙህራ ግንዱን መላጥ ጀምራ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች። «ሰው ሁሉ ገበያ ነው። ተያት።»

ተዉኝ። እነሱ ፋቁ፣ እኔ ጮኽኩ። ሁለቱም እስኪመሽ ሥራቸውን አላቆሙም። እንሰቱ ከመሃሉ ማለቅ ጀምሮ ስለነበር የወጣው ቆጮ ጥቂት ነው፤ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው።

ሰኞ ጠዋት ጀማለዲን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። አዲሱ ነገር እንደሠራለት ማረጋገጥ ፈልጓል።

«እትዬ አስናቀች፣ ዕረፍቱ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ደህና ነበር» ልለው አፌን ከፈትኩ። ድምፄ ከቅዳሜ ወዲህ ተዘግቶ አልወጣ አለኝ። ሰፌዴን አንስቼ ቦታዬ ተቀመጥኩ፤ ቦልቴ በእኔ ፈንታ መለሰችለት።